ፍልፈል ደጇን የደፈነችበት በጋ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንድትሉኝ አልጠብቅም። በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ ጎተራ፣ አንድ ምንጭና አንድ ካባ ነው።

ፍልፈል ጉድጓዷ ከገባች በኋላ ደጇን በአፈር መልሳ እንደምትደፍን ያላየ ገበሬ የለም። አንዱ እባብ ፈርታ ነው ይላል፤ ሌላው ብርድ ፈርታ ነው ይላል። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። የነገሩኝ ሽማግሌ እየሳቁ ጀመሩ፤ ሲጨርሱ ግን አይስቁም ነበር። እኔም ኮሚቴ ላይ መቀመጥ ደስ የሚለኝ ሰው ስለሆንኩ፣ መካከሉ ላይ ስደርስ አንገቴን ደፋሁ።

እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ ዘመን፣ ጥድ አምባ የሚባል ጫካ ነበር። በጫካው መካከል ዓይነ ውሃ የተባለች ምንጭ ነበረች፤ ከዝሆን እስከ ጉንዳን ሁሉም የሚጠጣው ከእሷ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ በጊዜው መጣ፣ በጊዜው ሄደ፣ ምድሩም እህል በእህል ሆነ። የጠገበ ደግሞ ደግ መሆን ያምረዋል። እንስሳቱ ተሰብስበው ከየቤታቸው አዋጡና አንድ ትልቅ ጎተራ ሞሉ። ስሙንም «የበረከት ጎተራ» አሉት። ለጫካው በጎ ሥራ የሚሠሩ ማኅበሮች ከዚህ ጎተራ ይረዱ ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ችግሩ ማን ይስጥ የሚለው ነበር። ዝሆን ቢሰጥ በስጦታው ላይ ይቆምበታል አሉ። ነብር ቢሰጥ ተቀባዩ ራሱ ሊበላ ይችላል አሉ። ጦጣ ትስጥ ያለ አንድም አልነበረም፤ ጦጣ ራሷ እንኳን ለራሷ እጇን አላወጣችም። በዚህ መካከል ሁሉም ቀና ሲል ጉሬዛን ከጥዱ ላይ አየው።

ጉሬዛን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሲወለድ ጀምሮ ጥቁር ለብሶ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ካባ ደርቦ፣ ጅራቱን እንደ ጭራ አንዠርግጎ የሚቀመጥ ነው። ዝም ካለ የሚያስብ ይመስላል። ያን ቀንም ዝም ብሎ ነበር፤ ያስብ የነበረው ግን ስለ ምሳው ነበር። እንስሳቱ ካባውን አይተው «ሊቀ መንበራችን ይሄ ነው» አሉ። አንዲት ጅግራ ከኋላ ሆና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብትልም የሰማት አልነበረም።

የሰማት ጉሬዛ ብቻ ነበር። ማታ ሲገባ ለሚስቱ «ካባዬ እኮ ጠጉር ነው። የሾመችኝ እናቴ ናት» አላት። ሌላም የሚያውቀው ነገር ነበረው። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም። ሌላ ዝንጀሮ ጨብጦ የሚይዘው ነገር ከእሱ እጅ ይንሸራተታል። እህል እንዲሰጥ የተሾመው እጁ እህል የማይዝ እንስሳ መሆኑን ያን ቀን ማንም አላነሳም። ጉሬዛም አላነሳም፤ እጁን ከካባው ሥር አድርጎ ምስጋና አቀረበ።

ከዚያን ቀን ወዲህ «አንተ» መባሉ ቀረ፣ «እርስዎ» ሆነ። አጠገቡም ኮሚቴ ተቀመጠለት። ጎሽ ለክብደቱ ተመረጠ። ከርከሮ ካልተመረጠ እንደሚያኮርፍ ስለታወቀ ተመረጠ። በቀቀን ደግሞ ጸሐፊ ሆነ፤ በልጅነቱ ከአንድ ከተሜ ቤት ጣራ ላይ ስለኖረ «ዘላቂነት»፣ «አቅም ግንባታ»፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚሉ ቃላት ያውቅ ነበር። ምን ማለት እንደሆኑ የጠየቀው የለም። ጉሬዛ ሊጠይቀው አስቦ፣ አለማወቁ እንዳይታወቅበት ራሱን ነቅንቆ አለፈ።

መጀመሪያ የመጣው አያ ጅቦ ነበር። «የግልገል ጠባቂዎች ማኅበር» አቋቁሜያለሁ አለ። እናት የሌላቸው የሚዳቋና የድኩላ ግልገሎች በሌሊት ብርድ እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እርግጥ የጅብ ዓይን ግልገል ሲነሣ ሁልጊዜ ያቀርራል፤ ምራቁም እንዲሁ። ጉሬዛ ግን አመነው። ራሱም አለቀሰ። ከጎተራው እህል ብቻ ሳይሆን ምርቃትም ጨምሮ ሰጠው፣ ማታም ደግ በመሆኑ ደስ ብሎት ተኛ።

ወራት አልፈው አያ ጅቦ ወፍሮ መጣ። ሪፖርቱንም በቃሉ አቀረበ፤ «ከእንግዲህ በጥድ አምባ አደጋ ላይ ያለ ግልገል አንድም የለም» አለ። ጎሽ አጨበጨበ። በቀቀን «አመርቂ ውጤት» አለ። ነገሩ የገባቸው ውለው አድረው ነው።

ያኔ ጫካው በጉሬዛ ሳቀ። የጦጣ ልጆች አዲስ ጨዋታ አወጡ፤ አንዱ ጅብ ሆኖ ያለቅሳል፣ ሌላው ነጭ ቅጠል ደርቦ እያለቀሰ ይሰጠዋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ጨዋታውን አየ። እውነት ለመናገር የጦጣው ልጅ እሱን ከራሱ ይበልጥ አሳምሮ ይጫወተው ነበር፤ እሱም እየተናደደ ሳቀ። በማግስቱ ግን ኮሚቴውን ጠርቶ አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ «ሳይታይ አይሰጥም» የሚል ነበር። ማንኛውም ማኅበር ኮሚቴው በአካል ሄዶ ሥራውን ሳይጎበኝ ከጎተራው ፍሬ አይወጣለትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ማብቂያ ላይ ከተራራው ናዳ ወርዶ የዓይነ ውሃን ጉሮሮ ደፈነው። ውሃው ቀጠነ። ይህችን ምንጭ ከጥንት ጀምረው ሲጠርጉ የኖሩት ፍልፈሎች ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አላመሰገናቸውም፤ ምንጩ በራሱ የሚጸዳ የሚመስለው እንስሳ ይበዛ ነበር። በሌላው ዓመት ጠዋት ጠርገው ከሰዓት ሥራ ሥር ፈልገው ይበሉ ነበር። ይህ ናዳ ግን በጋውን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስቆፍር ሆነ። የሚቆፍር ደግሞ ምግብ ፍለጋ አይወጣም፤ ምግብ ፍለጋ የወጣም አይቆፍርም።

ስለዚህ አለቃቸው እመት ፍልፈል ወደ ጉሬዛ ዛፍ መጣች። ዓይኗ ብዙ ስለማያይ የተሳሳተ ዛፍ ሥር ቆማ ሰላምታ ሰጠች፤ ጉሬዛም እንዳታፍር ብሎ ወደዚያኛው ዛፍ ዘለለ። ጉዳይዋን ሳታስረዝም ነገረችው። ለግማሽ በጋ የሚበቃ ሥራ ሥር አጠራቅመን ጉድጓድ ውስጥ አኑረናል፤ የቀረውን ግማሽ ከጎተራው ብትሰጡን ምንጩ በጋው ሳያልቅ ይከፈታል፤ ካልሰጣችሁን ግን ቁፋሮውን ትተን ሆዳችንን ለማዳን መሰደዳችን ነው፣ ምንጩም ይደርቃል አለችው።

ጉሬዛ አመናት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያን ቀን፣ እዚያው፣ አመናት። ውስጡ «ስጣት» አለው። ሊቀ መንበር ነበርና ቢሰጥ የሚከለክለው አልነበረም። ግን የጦጣው ልጅ ነጭ ቅጠሉን ደርቦ ትዝ አለው።

«እመት ፍልፈል፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኝ ነበር። ሕጉ ግን ሳይታይ አይሰጥም ይላል» አላት።

«ውሃውን ትጠጡታላችሁ እኮ ጌታዬ» አለች እመት ፍልፈል። «ጠጥታችሁ ካላያችሁት በምን ልታዩት ነው?»

ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። ከዚያም «በቅርቡ መጥተን እንጎበኛችኋለን» አላት፤ እሷም እጅ ነሥታ ሄደች።

በቀቀን መልእክት ይዞ ተላከ። ጉሬዛ ድሆች መሆናቸውን ያውቅ ነበርና «ስንመጣ ምንም እንዳትደክሙ በልልኝ» ብሎ አስጠነቀቀው። በጥድ አምባ «ምንም እንዳትደክሙ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው እንስሳ የለም። አትድከሙ ያለ እንግዳ ባዶ አፉን ከተመለሰ ባለቤቱ እስከ ልጅ ልጁ ይታማል። ጉሬዛ ይህን ያስታወሰው በቀቀን ከበረረ በኋላ ነው። እውነቴን ነው አትድከሙ ብሎ ሁለተኛ መልእክተኛ ሊልክ አስቦ ነበር፤ ግን እንዲያ ካላቸው ደግሞ ድግሱን እጥፍ እንደሚያደርጉት አሰበና ተወው።

ፍልፈሎቹ ዘንድ ክርክር ሆነ። ወጣቶቹ የበጋ ስንቃችንን ለእንግዳ አናወጣም አሉ። እመት ፍልፈል ግን ባዶ ማዕድ ካዩ ሰነፎች ናቸው ይሉናል፣ ካበላናቸው ግን ከጎተራው እጥፉን ይመልሱልናል ብላ አሳመነቻቸው። እንግዳ ደግሞ እንግዳ ነው። ጉድጓዱ ተከፈተ።

የጉብኝቱ ቀን ጎሽ ብቻውን አልመጣም። ጎሽ ብቻውን አይሄድም፤ መንጋው ተከትሎት መጣ። ከርከሮ ከሚስቱና ከሚስቱ ወንድሞች ጋር መጣ። በቀቀን ጉብኝቱን ለጫካው የሚያስተጋቡ ወፎች ይዞ መጣ። ጉሬዛ ከኋላ በዛፍ በዛፍ እየዘለለ ሲከተል ከላይ ያንን ሁሉ ጀርባ አየና «እኛ ነን ወይስ ዘመቻ ነው?» አለ ለራሱ። ቀልዱ ለራሱ ብቻ ስለነበር ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተመለሰም።

ፍልፈሎቹ በሰፋፊ ቅጠል ላይ ማዕዱን ዘርግተው ጠበቁ። እንግዶቹ ተቀመጡና መብላት ጀመሩ። ጉሬዛ ከተሰቀለበት ቅርንጫፍ ላይ ወጣቶቹ ፍልፈሎች ወደ ስንቁ ጉድጓድ ሲመላለሱ ያይ ነበር። መጀመሪያ ተጭነው ነበር የሚመለሱት። ቀጥሎ ታቅፈው ተመለሱ። በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጭሩ ድምፁ ተሰማው። አልበላም ብሎ ወሰነ። ቢያንስ እኔ አልበላም አለ።

እመት ፍልፈል ግን ምርጡን ሥራ ሥር ይዛ ከዛፉ ሥር ቆመች። «ጌታዬ አልቀመሱም» አለችው።

«ጠግቤያለሁ እመት ፍልፈል። ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ» አለችው።

በሞቴ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጉሬዛ ወረደ። ሥሩን ሲቀበላት አውራ ጣት የለውምና ከእጁ አምልጦ ወደቀ፤ እሷም አንሥታ፣ አፈሩን ጠርጋ፣ በእጇ አጎረሰችው። ጉርሻ አንድ ያጣላል ብላ ደገመችው። ሁለት ያዋጋል ብላ ሠለሰችው። ጉሬዛ እያላመጠ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ አየ። የጉድጓዱ ወለል ይታይ ነበር። ሥሩ ጣፋጭ ነበር፤ ይህ ደግሞ በራሱ ላይ ይበልጥ አናደደው።

ከምሳ በኋላ ምንጩን ለማየት ሄዱ። ፍልፈሎቹ ከናዳው መካከል ጠባብ ቦይ ከፍተው ነበር፤ ውሃው በዚያ ውስጥ ጠርቶ ይወርዳል። ጎሽ በደንብ ለማየት ጠጋ አለ። ቀኑ ሞቃት ነበርና ጠጋ ሲል ውሃው ደስ አለው፣ ደስ ሲለው ተኛበት፣ እሱ ሲተኛበት መንጋውም ተኛበት። ከርከሮ የቦዩን ጥልቀት አረጋግጣለሁ ብሎ ግድግዳውን በክራንቻው ናደው። ፍልፈሎቹ ሲሠሩት የሰነበቱት ቦይ እንግዶቹ ምሳ ሳይወርድላቸው ጭቃ ሆነ። ከፍልፈሎቹ አንዷ ልትናገር አፏን ስትከፍት እመት ፍልፈል እግሯን ረገጠቻት። እንግዳ አይነቀፍም፤ ደግሞም ገና አልሰጡም።

በመጨረሻ ጉሬዛ ንግግር እንዲያደርግ ተጠየቀ። ከጭቃው በላይ ካለች ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ «ዛሬ ሥራችሁን በዓይናችን አይተናል» አለ። ወፎቹ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ኮሚቴው ከጎተራው ሥር ተሰበሰበ። ስብሰባ ደግሞ በባዶ ሆድ አይሆንምና ለውሎ አበል ከጎተራው እህል ወጣ። እየበሉ ተወያዩ። ጎሽ የምንጩ ውሃ ድፍርስ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ከርከሮ ቦዩ ፈራርሷል፣ አሠራራቸው ጥራት የለውም አለ። በቀቀን ደግሞ የስንቅ ጉድጓዳቸው ባዶ ነው፣ መቆጠብ የማያውቅ ማኅበር የሰጡትን በምን ያቆየዋል፣ ዘላቂነቱስ የታለ ብሎ ጠየቀ።

የምንጩ ጭቃ በጎሽ ጉልበት ላይ ገና አልደረቀም ነበር። ጉሬዛ ያን ጭቃ አተኩሮ አየው። «ያደፈረስነው እኛ ነን፣ የበላነውም እኛ ነን» ሊል አፉን ከፈተ። ጎሽ ቀና ብሎ አየው። ጎሽ ሲያክከው በዛፍ ይታከካል፤ የጉሬዛ ቤት ደግሞ ዛፍ ላይ ነው። ሊቀ መንበርነቱም ቢሆን፣ ለምን ይዋሻል፣ ለምዶት ነበር።

«ጉዳዩ በጥልቀት ይጠና» አለ።

ይህን ባለ ጊዜ ራሱን ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ ሰማው፤ የጦጣው ልጅ እንኳን እንዲህ አድርጎ አላላገጠበትም ነበር። ኮሚቴው ግን «የሊቀ መንበሩ አስተያየት ብስለት ያለው ነው» ብሎ ተቀበለ። ለፍልፈሎቹ እህል ከመሰጠቱ በፊት በውሃ ንጽሕናና በቁጠባ ላይ ሥልጠና ይሰጣቸው ተባለ። አሠልጣኝ ሆኖ የተመደበው ከርከሮ ነበር። ለአሠልጣኙም ስንቅ ከጎተራው ወጣ።

ፍልፈሎቹ ሥልጠናውን ተቀምጠው ሰሙ። ካልሰሙ እህል የለማ። ከርከሮ በጭቃ የተለወሰ አፍንጫውን እያወዛወዘ ንጽሕና ምን እንደሆነ ሲያስረዳቸው ዋለ፣ አደረ፣ ሰነበተ። ሲማሩ አይቆፍሩም፤ ሳይቆፍሩም ይርባቸው ነበር። መጨረሻ ላይ በቀቀን መጥቶ ሥልጠናው ያመጣውን ለውጥ ለማየት ኮሚቴው ሁለተኛ ጉብኝት እንደሚያደርግ ነገራቸው። ምንም እንዳትደክሙም አላቸው።

በማግስቱ ከዓይነ ውሃ አጠገብ አንድም ፍልፈል አልታየም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ናዳው ተመልሶ ሞላ። ውሃው መጀመሪያ ክር አከለ፣ ቀጥሎ እርጥብ ድንጋይ ሆነ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ብቻ ሆነ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የሰማችሁት ተረት በጥድ አምባ በዓይን ታየ። ጎሽ መንጋውን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ከርከሮ ሳይሰናበት ጠፋ። በቀቀን ስለ ድርቁ ጉባኤ ይጠራ ሲል ቆይቶ፣ የሚሰበሰብ ሲያጣ እሱም በረረ።

ጉሬዛ አልሄደም። ጠዋት ጠዋት የቅጠል ጤዛ እየላሰ ቆየ። ከላይ ሆኖ የእናቶችና የልጆች መንጋ ምላሱን አውጥቶ ሲሰደድ ያይ ነበር፤ ሲያልፉ አንዳንዱ ቀና ብሎ ካባውን ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ይመልሳል። ጉሬዛ ያቺን «ስጣት» ያለችውን ድምፅ ሲያስታውስ ውስጡ ይቃጠል ነበር። ጅብን ሳላይ አመንኩት፣ ፍልፈልን እያመንኳት ልያት አልኩ፣ ካየሁ በኋላ ደግሞ ያየሁትን ዋጥኩ፤ ከእኔ የሚሻል ሊቀ መንበር ከየት ይገኛል አለ። አሁን ግን ሲስቅ ሳቁ እንባ ነበረበት።

አንድ ጠዋት ተነሣና ወደ ጎተራው ሄደ። ከስብሰባው የተረፈው የጎተራው ጥራጊ ነበር። እሱኑ ጠራርጎ በሁለት እጁ አፈሰና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሬት፣ በእግሩ መንገድ ጀመረ። አውራ ጣት የለውም ብያችኋለሁ። እህሉ በየእርምጃው ከእጁ ይፈስ ነበር። የጅግራ መንጋ ከኋላው ተሰልፎ እየለቀመ ተከተለው። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ያለ ጉብኝት የተረዱ እነሱ ብቻ ነበሩ። ያቺ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያለችው ጅግራም ነበረችበት፤ ለቅማ ስትጠግብ «እግዜር ይስጥልን አያ ጉሬዛ» አለችው።

ምንጩ ዘንድ ሲደርስ በእጁ የቀረው አንድ ጉርሻ የማይሞላ ነበር። ዙሪያውን አየ። ጉድጓዶቹ ሁሉ ኦና ሆነዋል። ከአንዱ ብቻ ሳል ተሰማ። ጎንበስ ብሎ ተጣራ።

«ማነው?» አለ ድምፁ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ጉሬዛ። ብቻዬን ነኝ እመት ፍልፈል። እህል ይዤ ነው የመጣሁት።»

እመት ፍልፈል ወደ ደጇ ብቅ አለች። ከስታለች። ዓይኗ እንደ ወትሮው ያላየውን ሁሉ አፍንጫዋ አየው፤ እህሉን አሸተተች፣ ብዛቱንም አወቀች። ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ሌላ አገር መሄዳቸውን፣ እሷ ግን እግሯ ስለደከመ እንደቀረች ነገረችው። ስትነግረው «አንተ» አለችው። ጉሬዛ ከተሾመ ወዲህ ማንም አንተ ብሎት አያውቅም ነበር፤ መሻሩም የገባው ያኔ ነው።

«ብሊ እንጂ» አላት እጁን ዘርግቶ። «በሞቴ።»

«ያን ቀን እኔም በሞቴ ብዬህ ነበር» አለች እመት ፍልፈል። «ቀልዴን አልነበረም።»

ጉሬዛ ጭንቅላቱን ደፋ። የሚያስተካክለው ካባ ትዝ አላለውም። መጥፎ እንዳላሰበ፣ ያን ቀን ከዛፉ ሥር እንዳመናት፣ ጭቃውን አይቶ ዝም ማለቱ እንደሚያንገበግበው አንድ በአንድ ነገራት። እሷም እስኪጨርስ ሰማችው፤ ሲጨርስ ከእህሉ አንድ ፍሬ አንሥታ ቆረጠመች፣ እንግዳ አፍሮ እንዳይመለስ ያደረገችው ይመስል ነበር። ጉሬዛ ይህን ሲያይ ትንሽ ልቡ ተጽናና። ቀና ብሎም «ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አላት።

«ደህና ናቸው። ምንጭ አግኝተዋል። እየጠረጉት ነው።»

«ምንጭ?» አለ ጉሬዛ፣ ዓይኑ በራ። ጥድ አምባን ሁሉ አሰበ፤ በየመንገዱ የወደቁትን፣ ምላሳቸውን አውጥተው የሚሄዱትን። «የት ነው? ሩቅ ነው?»

እመት ፍልፈል ወደ ጉድጓዷ ተመለሰች። አፈሩን በግንባሯ ወደ ደጇ መግፋት ጀመረች። ደጁ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ቆም አለች።

«አልነግርህም አያ ጉሬዛ» አለችው። «ብነግርህ ልትጎበኘን ትመጣለህ።»

ከዚያም የቀረችውን አፈር ገፍታ ደጇን ደፈነች።